ሰባተኛው ቢስክሌት

በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በመጪው ጥር ከጎሬ እስከ መቱ የቢስክሌት እሽቅድድም ሊደረግ ነው ተብሎ ሲለፈፍ፣ ከሰሙት ሰዎች ግማሾቹ ቢስክሌት አይተው አያውቁም፤ የቀሩትም አይተው ሲያበቁ ገለባው በየት በኩል እንደሚሰጠው የጠየቁ ናቸው። ለሙሉብርሃን ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የፖስታ ሹሙ ግራዝማች ደርበው ቁርጡን ተናግረዋል፤ አንደኛ የሚወጣው ሰው በሁለቱ ከተሞች መካከል ደብዳቤ የሚያመላልስ ባለቢስክሌት መልእክተኛ ሆኖ ይቀጠራል።

ሙሉብርሃን የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ስድስቱን ዓመት ያሳለፈው መቱ ውስጥ ባለ አንድ መጋዘን ቡና ሲመዝንና የገለባ ብናኝ ሲውጥ ነው። ሳሉ ጎረቤት ይረብሻል። ሰፊ መንገድና ንጹህ አየር አማረው፤ እንዲያው በዋዛ አይደለም፣ እህል እስኪዘጋው ድረስ አማረው። ከመጋዘኑ ጌታ አንድ ቢስክሌት ለምኖ ሁለት ወር ሙሉ ተለማመደ። ጉልበቱ ላይ ያልተላጠ ቦታ አልቀረም።

የእሽቅድድሙ ዕለት ጠዋት ጎሬ ሜዳ ላይ ስድስት ተወዳዳሪዎች ተሰለፉ። የተመዘገበ ሁሉ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮለታል። ጸሐፊው አቶ ገብረ ሥላሴ መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው፣ የሚነጥቃቸው ያለ ይመስል ዙሪያውን እየቃኙ ይንጎራደዳሉ። በዚህ መሃል ከሰልፉ ጫፍ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማና ጋሽ አምባዬ ቢስክሌት እየገፉ መጡ።

ጋሽ አምባዬን የማያውቅ አልነበረም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የጎሬን ደብዳቤ ወደ መቱ፣ የመቱን ወደ ጎሬ በእግራቸው ያመላለሱ ሰው ናቸው። ለባለቢስክሌቱ ቦታቸውን የሚለቁትም እሳቸው ነበሩ። ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ አይጻፍ ስለተባለ፣ አርባ ስድስተኛቸውን የያዙት ጋሽ አምባዬ መዝገቡ ውስጥ አልገቡም። ቢስክሌቷ አንድ መንገደኛ ጥሏት ሄዶ፣ እትዬ ፈትለወርቅ ጠጅ ቤት ጓሮ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች ናት። እሷን አራግፈው፣ ጠጋግነው፣ ጎህ ሲቀድ እየወጡ ሲለማመዱባት ከርመዋል።

«እንደምን አደራችሁ ልጆች» አሉ፣ ደጅ ላይ እንደደረሰ እንግዳ ራቅ ብለው ቆመው። «እኔ አልተጻፍኩም። ከኋላ ከኋላችሁ ብሄድ ቅር የሚለው አለ?»

ወጣቶቹ ሳቁ። ከያዮ የመጣው ተረበኛው አበባየሁ፣ «ጋሼ፣ ዶሮዎቹን አስፈቅደዋል?» አለ። ጋሽ አምባዬም አብረው ሳቁና ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«መንገዱ የመንግሥት ነው» አሉ አቶ ገብረ ሥላሴ ፊታቸውን ሳይፈቱ። «መዝገቡ ግን የእኔ ነው።»

«መዝገቡን አልነካም።» ከወጣቶቹ አንዱ ለማሳቅ ብሎ ትርፍ ቀይ ጨርቅ ቢያቀብላቸው እጁን ቀስ አድርገው መለሱት። «ይሄ የተጠራ ሰው ምልክት ነው። እኔ ሳልጠራ የመጣሁ ነኝ፤ በሩ አጠገብ ይበቃኛል።»

ሙሉብርሃን ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ሰውየው እሽቅድድሙን እንደ ሰው ቤት ድግስ ነው የያዙት። ሳይጠራ የሄደ ጨዋ ሰው ያስፈቅዳል፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ከተጠሩት ቀድሞ እጁን አይሰድም። ወጉ ደስ ቢለውም ስለ እሳቸው ትንሽ አፈረ። ከእንጀራቸው የሚያፈናቅላቸውን እሽቅድድም ምን ሊያደርጉ መጡ?

ጥሩምባው ተነፋና ሰዉ ሁሉ እንዳበደ በረረ። ከሁሉም ኋላ፣ ሃያ ክንድ ያህል ርቀት ጠብቃ፣ ያቺ የዶሮ ቢስክሌት ሲጥ ሲጥ ትላለች። መንገድ ዳር ቡና የሚያሰጡት ገበሬዎች ለቀይ ጨርቆቹ ደንታም አልነበራቸውም። «ጀባዱ አምባዬ፣ ጀባዱ» ይላሉ፣ በርታ ማለታቸው ነው። አንዷ ሴትዮማ ደብዳቤዋ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሽ አምባዬ በኀፍረት አንገታቸውን ደፍተው፣ ለእነዚያ አጨብጭቡ እያሉ በእጃቸው ወደ ፊት ያመለክታሉ።

እኩሌታው መንገድ ላይ እትዬ ወለተ ማርያም ለተወዳዳሪዎቹ ብርዝ አዘጋጅተው ጠበቁ። ሁሉም ወርዶ ጠጣ። ጋሽ አምባዬ ግን ዛፍ ሥር ቆመው ከራሳቸው ቅል ውሃ ተጎነጩ፣ ከራሳቸው ስልቻ በሶ አወጡ። እትዬ ወለተ ማርያም ተቆጡ። «ምነው፣ የእኔ እጅ ይመርዛል?»

«ኧረ እጅዎ ይባረክ። ግን በስድስት ሰው ልክ የተበጠበጠ ነው፤ እኔ ብጠጣ ለአንዱ ይጎድልበታል።»

ከዚያ በኋላ አራቱ ደክሟቸው በየመንገዱ ዳር እየወረዱ እሽቅድድሙን ተዉ። ፊት ላይ ሙሉብርሃንና አበባየሁ ብቻ ተያያዙ፤ ጋሽ አምባዬ ሃያ ክንዳቸውን ጠብቀው ይከተሏቸዋል። ከግንድ የተሠራው ጠባብ ድልድይ ላይ አበባየሁ ሊቀድም ሲል ጎማው ሸርተት አለና ከነቢስክሌቱ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ሙሉብርሃን ዞር ብሎ አየው፤ እግሩን ይዞ ያቃስታል። ይህ የሚሸፈን አይደለም፤ ሙሉብርሃን አይቶ አለፈ። መጋዘኑ ትዝ ብሎት ነው ቢባል እውነት ነው፣ ግን አለፈ። ሲርቅ ጋሽ አምባዬ ቢስክሌታቸውን ጥለው ወደ ወንዙ ሲወርዱ በዓይኑ ጥግ አየ።

የመቱ ዳገት ላይ ሙሉብርሃን ያ የመጋዘን ሳሉ ተነሳበት። ደረቱ ተቃጠለ፣ እግሩ እንቢ አለው። የሚከተለው ሰው ባለመኖሩ እንደ ምንም እየተጎተተ ሳለ፣ ከኋላው ሲጥ ሲጥ የሚለውን ሰማ።

«አበባየሁስ?» አለ ሳይዞር።

«እግሩን ወለም ብሎታል። አሰርኩለትና ተሸክሜ ቡና ለቃሚዎቹ ዘንድ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት።»

ድምፃቸው እንኳ አልተቆራረጠም። ሙሉብርሃን በልቡ አሰበው። ወርደዋል፣ ሰው ከወንዝ አውጥተዋል፣ አስረዋል፣ ተሸክመዋል፤ ከዚያም ከእሱ ሃያ ሦስት ዓመት እየበለጡ በዶሮ ማደሪያ ደርሰውበታል። ከጠዋት ጀምሮ እኮ በፈለጉት ሰዓት ሊያልፉት ይችሉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም፤ ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው።

«ጋሼ፣ ይለፉ» አለ።

«አልፌ የት ልደርስ?»

ዳገቱን ወጡት፣ ወጣቱ እያለከለከ፣ አዛውንቱ ሃያ ክንዳቸውን እየጠበቁ።

ከተማው መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሟል። ሙሉብርሃን ገመዱን በደረቱ በጥሶ እልልታው ሲቀልጥ ዞር ቢል መንገዱ ባዶ ነው። ጋሽ አምባዬ ገመዱ ጋ ሳይደርሱ ወርደው፣ ቢስክሌታቸውን እየገፉ በአጥሩ ሥር፣ በሰው ጀርባ እየዞሩ ነበር። ማንም ልብ አላላቸውም።

ግራዝማች ደርበው የቆዳውን የደብዳቤ ቦርሳ አንስተው ስሙን ሲጠሩ ሙሉብርሃን እጁን አልዘረጋም። «ጌታዬ፣ አንደኛው እኔ አይደለሁም» አለና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፣ ድልድዩን ሳይቀር። የራሱን ነውር ሲናገር ጆሮው ነደደ።

ግራዝማች ጋሽ አምባዬን አስጠሩ። «እውነት ነው? ማለፍ ትችል ነበር?»

«እኔ አልተጻፍኩም ጌታዬ።»

«እሱን አላልኩህም። መቅደም ካልፈለግህ ለምን መጣህ?»

ጋሽ አምባዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አሥራ አራት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነው። ለማን እንደምተወው ልይ ብዬ ነው።»

በበቅሎ በአቋራጭ የደረሱት አቶ ገብረ ሥላሴ መዝገባቸውን ገለጥ አድርገው መልሰው ዘጉት። ግራዝማች ግን ቃላቸውን በሕዝብ ፊት የሰጡ ናቸው፣ ማጠፍ አልቻሉም። ቦርሳውን ለራሳቸው ለጋሽ አምባዬ አቀበሏቸው፤ ያስረክቡት ብለው ነው።

ጋሽ አምባዬ ማንገቻውን ሙሉብርሃን ትከሻ ላይ ለኩት። በእሳቸው ቁመት የጠበቀ ስለነበር ዘለበቱን በሁለት ቀዳዳ ለቀቅ አደረጉለት። ከዚያ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ካየህ ፖስታው ይቆያል» አሉት። «ዛሬ አላወቅህም ነበር። ከዛሬ በኋላ ግን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ ሙሉብርሃን፤ እንባው መጣበት።

ድንኳን ውስጥ ለአሸናፊው ፍሪዳ ታርዶ ይጠብቀዋል። እሱ ግን እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቆ፣ አበባየሁ ወዳለበት ወደ ወንዙ ቢስክሌቱን መለሰ። ጋሽ አምባዬ መንገዱ መሃል ቆመው፣ ማንገቻው ያጎደጎደውን ትከሻቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከዓይናቸው እስኪሰወር ድረስ ሲያዩት ቆዩ።