የወይዘሮ አንጓች ዋንዛ

1

ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍር። ጥልቀቱ እስከ ጉልበትህ ይድረስ። ከዚያ ዝናብ ጠብቅ፤ ዋንዛ የሚተከለው መሬቱ ውኃ ሲጠግብ ነው።

2

ችግኙን ስታነሳ አንገቱን አትያዝ። አፈር የያዘውን ፕላስቲክ ከሥር ደግፈህ ተሸከም።

3

(ይቺን ዘልያታለሁ። እመለስባታለሁ።)

4

ትከል። አፈሩን በእግርህ ጠቅጠቅ አድርግ።

5

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ በተደረገው የችግኝ ተከላ ዘመቻ ችግኝ አዳዩ እኔ፣ ልመንህ፣ ነበርኩ። ዘመቻውን ሊቀርጹ የመጡት ባለካሜራዎች ቸኩለዋል፤ እኔም ቸኮልኩ። ወይዘሮ አንጓች አንድ ዋንዛ ወሰዱ። ይበልጣል የሚባለው የሞተው ልጃቸው ወፍ ካየ መንገዱን የሚረሳ ሰው ነበር አሉኝ። ለመታሰቢያው ወፍ የሚያርፍበት ዛፍ ፈለጉ።

6

ዋንዛ ቶሎ ያድጋል፤ ድርቅም ይችላል። ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፣ ቢጫ ፍሬውን ወፍና ጦጣ ይሻሙታል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰው ያስጠልላል።

የእሳቸው ከጉልበት አላለፈም።

7

በጋውን ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ በጄሪካን ውኃ ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። ችግኞቹን ለምከታተለው ለእኔ ጥያቄያቸው አንድ ነው።

— ወፍ አረፈበት?

— ገና ነው እናቴ።

ያላደገበትን ምክንያት አንዴ መሬቱ ነው አልኳቸው። ሌላ ጊዜ ምስጥ ነው አልኩ።

3

ከመትከልህ በፊት ፕላስቲኩን ቀደህ አውጣ። ካላወጣኸው ሥሩ እዚያው ውስጥ ሲዞር ይኖራል፤ ዛፉ ራሱን ያንቃል።

የዚያን ቀን ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በዓመቱ አንድ የደረቀ ችግኝ ስነቅል ፕላስቲኩ አብሮት ወጣ። ያኔ ገባኝ።

8

ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ገብቶም ጄሪካናቸውን ይዘው መጡ። ነገርኳቸው።

እሳቸው፦ ሦስቱንም ዓመት ታውቅ ነበር?

እኔ፦ ሁለቱን።

 ጄሪካኑን መሬት አስቀመጡት። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

እኔ፦ ብንቆፍረው ሊደርቅ ይችላል። ብንተወውም አይቆይም።

እሳቸው፦ በል ቆፍር፣ ልመንህ። ፕላስቲኩን ግን እኔ ነኝ የምቀደው።

9

ሥሩ እንደ ገመድ ተጠቅልሏል። በምላጭ ቀስ እያሉ ቀደዱት። እኔ ችግኙን ከሥር ደግፌ ያዝኩላቸው። መልሰን ተከልነው።

ቅዳሜ እንገናኝ አላሉኝም።

10

የክትትል ቅጽ

ዝርያ፦ ዋንዛ

ተካይ፦ ወ/ሮ አንጓች

የተተከለው፦ ሁለት ጊዜ

ያላደገበት ምክንያት፦ ልመንህ፣ ችግኝ አዳይ

ቅዳሜ ውኃ ያጠጣው፦

ያረፈበት ወፍ፦