ከሻይ በኋላ ያለው ክፍል

መዝገብ ይናገር ከተባለ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ እንደ አባ ወንበር የሰለጠነ ሰው የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ አስራ አንድ የሥራ ደህንነት ስልጠናዎች ተሰጥተዋል፤ በአስራ አንዱም የአቴንዳንስ ቅጽ ላይ፣ በመጨረሻው አርባኛ መስመር፣ የእሳቸው ፊርማ አለ። ትልቅ፣ ተጠንቅቀው የጻፉት፣ ጫፉ እንደ ጭራ የተጠማዘዘ ፊርማ ነው። ፕሮፌሰሮቹ አንዷን ስልጠና ላለመቀመጥ የማያመጡት ሰበብ የለም። የትልቁ አዳራሽ ጠባቂ የሆኑትን አባ ወንበርን ግን አንዷም አላመለጠቻቸውም። እንግዲህ እኚሁ ሰው ናቸው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የአዳራሹን መጸዳጃ ቤት ሊያጥቡ ገብተው፣ በረኪናና አሲድ በአንድ ባልዲ ቀላቅለው፣ በተነሣው ጭስ ታፍነው በሩ ሥር ወድቀው የተገኙት።

አባ ወንበር የሚለው ቅጽል ነው። ወንበር ደርድረው ሲጨርሱ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ረድፉን ዳር እስከ ዳር ያያሉ፤ አንዷ ወንበር የጣት ያህል ወጣ ካለች እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ስሙን ያወጣላቸው ሰው ጡረታ ወጥቶ ተረስቷል፤ ስሙ ግን ቀርቷል።

ዓርብ ጠዋት የስልጠናዎቹ አስተባባሪ አስራ አንዱን ቅጽ በሰማያዊ ፎልደር ከተተች። ስልጠናዎቹን የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ ሰው ትጠራለች፣ አዳራሽ ትይዛለች፣ ፖስተር ትለጥፋለች፣ ገንዘብ ተከፍሎት የሚመጣ አሰልጣኝ ስለሌለም ማይኩን ይዛ የምትቆመው እሷው ናት። ሰኞ ደግሞ የግቢው የደህንነት ሳምንት ይከፈታል። "ደህንነት ከእኔ ይጀምራል" የሚለው ባነር ተጠቅልሎ ከጠረጴዛዋ ሥር ተኝቷል። ከማክሰኞ ወዲህ በየመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ የለጠፈችውም እሷ ናት፤ እየለጠፈችም "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ትል ነበር ለራሷ።

የቢሮዋ ኃላፊ ትናንት ከሰዓት ጠርቷት ነበር። ነገሩ ቀላል ነው አላት። ሽማግሌው ሰልጥነዋል፤ ያውም አስራ አንድ ጊዜ። ያልሰለጠነ ሰው ቢሆን ጥፋቱ የቢሮው ነበር፤ የሰለጠነ ሰው ግን እያወቀ ነው ያጠፋው። እያወቀ ያጠፋ ደግሞ በደንቡ ይሰናበታል። የእሷ ሥራ በማግስቱ ዓርብ በአራት ሰዓት ፎልደሩን የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት አስቀምጣ ዝም ማለት ብቻ ነው። ይህን ሲላት አላስፈራራትም፤ ሊያስፈራራም አላስፈለገውም። ከፊቱ የነበረውን ወረቀት በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ እሷ አዞረው። የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዋ ነበር፤ ሦስት ዓመት በኮንትራት እየታደሰች የጠበቀችው። የቀረው የእሱ ፊርማ ነው።

አባ ወንበር ከተሰናበቱ ሥራው ብቻ አይደለም የሚሄደው። ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የግቢው ናት፤ ከባለቤታቸው ጋር ሃያ ዓመት ኖረውባታል። ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው።

"ሰልጥነዋል እኮ" እያለች አስተባባሪዋ ራሷን ስታባብል ነው ሳምንቱ ያለፈው። እርግጥ የአርባኛው መስመር ነገር ትንሽ ነካ ነካ የተደረገ ነው። ከአርባ ሰው በታች የተገኘበት ስልጠና እንደተሰጠ አይቆጠርም፤ ግቢው ደግሞ እንደተማከረ ሁሉ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ይልካል። የመጀመሪያው ቀን ጭንቅ ሲላት አባ ወንበር ተጨማሪ ወንበር ተሸክመው ሲገቡ አየቻቸው። "አባ፣ እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ፤ እርስዎም እኮ አዳራሹ ውስጥ ነዎት" አለቻቸው። ደስ ብሏቸው ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ግን አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ይህ ውሸት አይደለም። ከኋላ ግድግዳው ጋ ቆመው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲያዳምጡ በዐይኗ በብረቱ አይታቸዋለች። እንዲያውም አምና የዓመቱ ታታሪ ሰልጣኝ ብላ የምስክር ወረቀት ሰጥታቸዋለች፤ ግማሽ ቀልድ፣ ግማሽ ምስጋና ነበር። እሳቸው ግን በመስታወት አስገብተው ሰቀሉት።

ታዲያ ምን አስቀላቀላቸው? እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የሚከነክናት፤ ምን እንደሆነ ግን ልትደርስበት አልቻለችም።

ረቡዕ ክሊኒክ ሄዳ ጠይቃቸው ነበር። ድምፃቸው ተቃጥሎ ሹክሹክታ ሆኗል፣ ዐይናቸው ቀልቷል። ገና ስትገባ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሰኞ እንግዳ ይመጣል፣ የልጅቷ ዝግጅት ነው፣ ቤቱ እንዲያበራላት ብለው ነው ለካ። አንዱ ብቻውን እንዲህ የሚያጸዳ ሁለቱ ቢገናኙማ የት ይደርሳል ብለው አሰቡ። ባለቤታቸው ከአልጋው ራስጌ ሆነው፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ተምሮ ተምሮ ይሄ ነው እንዴ ትምህርቱ፣ እያሉ ብርድ ልብሱን ይጎትቱላቸዋል፤ እንደ መቆጣትም እንደ ማልቀስም እያደረጋቸው። አባ ወንበር አንገታቸውን ደፉ። "አሳፈርኩሽ፣ ልጄ" ብቻ ነው ያሉት። አስተባባሪዋ ያመጣችውን ብርቱካን እንደያዘች ወጥታ፣ በር ላይ ስትደርስ ትዝ ብሏት ተመለሰች።

ኮሚቴው የተቀመጠው በአስተዳደር ሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሰብሳቢዋ የሕግ መምህርት ናቸው፤ ቀጭን፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በላዩ የሚያዩ። በቀኛቸው የሠራተኞች ተወካይ፣ በግራቸው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አለ። ኃላፊው ፊት ለፊት እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። አባ ወንበር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ። የተሰጣቸው ወንበር ከጠረጴዛው ትንሽ ዞር ብሎ ነበርና አቃኑት፤ ከዚያም ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጡ። አስተባባሪዋ ፎልደሩን አስረከበች። ሰብሳቢዋ አንድ በአንድ አገላበጡት።

ፊርማው የእርስዎ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አባ ወንበር የእኔ ነው አሉ። ስልጠናውን ወስደዋል? ወስጃለሁ። ኃላፊው እጁን ዘረጋ አድርጎ፣ እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ያሻል በሚል ዐይን ሰብሳቢዋን አየ። አስተባባሪዋ ሁለት ደቂቃ ብትታገሥ ያልቃል።

የሠራተኞች ተወካዩ ግን ዝም ብሎ አላለፈውም። ከስልጠናው ምን እንደሚያስታውሱ ቢነግሩን አለ። ኃላፊው፣ ታመው የወጡ ሰው ናቸው፣ ባናደክማቸው ብሎ ሊያልፈው ሞከረ፤ ዛሬ ነው መታመማቸው ትዝ ያለው። አባ ወንበር ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነበር። ይህን ጥያቄ ነው ሲጠብቁ የኖሩት። ሁለት እጃቸውን ፊት ለፊታቸው አጣምረው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

አንዲት ቃል ሳያዛንፉ ነው የተወጡት። አደጋ አይመጣም ብሎ መተኛት ራሱ አደጋ ነው ከሚለው መግቢያ ተነሥተው፣ የአዳራሹን አራት መውጫዎች በእጃቸው እያሳዩ፣ እሳት ሲነሣ ሊፍት እንዳይነካ፣ የተላጠ ሽቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዳይታለፍ፣ ሁሉን። ሳል ሲይዛቸው ይቆማሉ፤ ሲተዋቸው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አስተባባሪዋ የራሷን ድምፅ ነበር የምትሰማው፤ የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ፣ የት ላይ ሰው እስኪስቅ እንደምትጠብቅ ሳይቀር።

"'እሳት ማጥፊያውን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ለጌጥ አይደለም'" አሉ አባ ወንበር፤ "'ለጌጥማ ቢሆን የኃላፊያችንን ፎቶ እንሰቅል ነበር።'"

ተወካዩ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። የኃላፊው ፈገግታ እዚያው ደረቀ። አባ ወንበር አላዩትም፤ ዐይናቸው ጣራው ላይ ነው።

"'እስካሁን ያየነው የሚታየውን አደጋ ነው። አሁን ደግሞ ወደማይታየው እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ግን ሻይ።'"

ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸውን አነሡና መዳፋቸውን ወደ ኋላ ግድግዳ ገለበጡ። ከዚያ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

"ከሻይ በኋላስ?" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ከሻይ በኋላማ ብርጭቆ አጥባለሁ" አሉ አባ ወንበር። "አርባ ብርጭቆ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ሰብሬ አላውቅም።"

አስተባባሪዋ ክው አለች። ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክናት የነበረው ያ እጅ ነው። እጁ የእሷ ነው። አስራ አንድ ጊዜ ከመድረክ ላይ ሆና፣ ሻዩን ያምጡ ለማለት ያን እጅ አንሥታለች፤ አስራ አንድ ጊዜ አባ ወንበር ከግድግዳው ተላቀው ወደ ሻይ ክፍሏ ወርደዋል። ስለ ኬሚካል የምትናገረው ከሻይ በኋላ ነው። ሰው ጠጥቶ ተመልሶ ሲቀመጥ፣ እሳቸው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቧንቧ ከፍተው ያጥባሉ። ግማሹን ስልጠና በቃላቸው ይዘውታል፤ ሌላው ግማሽ መኖሩን እንኳ አያውቁም። ከአዳራሹ አውጥታ የላከቻቸው ራሷ ናት፣ ሰልጥነዋል ብላ ያስፈረመቻቸውም ራሷ።

ኃላፊው ወደ እሷ ዞሮ ነበር። ቅንድቡን ትንሽ ከፍ አደረገ። ደብዳቤው ታያት፤ በየስድስት ወሩ የምትለማመጠው የኮንትራት እድሳት ታያት፤ እናቷ ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ ቋሚ ልትሆን ነው" ብለው የጨረሱት ወሬ ታያት። ፈራች።

"ሻይ የላኳቸው እኔ ነኝ" አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። "ቅጹ ላይ ያሉትን ፊርማዎች ቁጥር እንዲሞላልኝ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። አባ ሁለተኛውን ክፍል አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። አልሰለጠኑም።"

ኃላፊው ልጅቷ ደንግጣ ነው፣ ከማክሰኞ ወዲህ እንቅልፍም አልተኛችም ማለት ጀመረ። ሰብሳቢዋ በእጃቸው አስቆሙትና ወደ አስተባባሪዋ በመነጽራቸው በላይ አዩ። የተናገረችው በቃለ ጉባኤ እንደሚሰፍር፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ እንደሌለው ነገሯት። ልታስብበት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቋት።

"አስቤበታለሁ" አለች። "ሦስት ዓመት ዘግይቼ ነው እንጂ።"

ጸሐፊው ጻፈ። ሰብሳቢዋ የአባ ወንበር ጉዳይ እዚህ ላይ ማብቃቱን፣ ወደ ሥራቸውም ሲያገግሙ እንደሚመለሱ ተናገሩና ወደ ቤትዎ ይሂዱ አሏቸው። አስተባባሪዋን ደግሞ እስክትጠራ ውጭ እንድትጠብቅ አዘዟት። ለሷ የሚባለው ነገር ረዘም እንደሚል ከፊታቸው ያስታውቃል።

ኮሪደሩ ላይ አንድ የእንጨት አግዳሚ አለ። ተቀመጠች። ወደ ቤትዎ ይሂዱ የተባሉት አባ ወንበር ግን አልሄዱም። መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። በሦስት ዓመት ትውውቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

"ልጄ፣ ምን ነካሽ?" አሉ በዚያ በተቃጠለ ድምፃቸው። "እኔ እኮ አንቺን ላስመሰግን ነው እንደዚያ የተወጣሁት።"

"አውቃለሁ፣ አባ።"

ከበሩ ወዲያ የኃላፊው ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። አባ ወንበር ከአግዳሚው ጫፍ ላይ የማይታይ አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ለመሆኑ" አሉ ቆይተው፣ "ከሻይ በኋላ ምንድን ነበር የምትዪው?"

ከሻይ በኋላ የምትለው ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ሥዕል አለው፣ ሰንጠረዥ አለው፣ ሰው እንዳይተኛ የሚጣልበት ቀልድም አለው። አስተባባሪዋ በሐሳቧ አገላበጠችውና ለእሳቸው የሚሆነውን ለየች።

"በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር በአንድ ባልዲ አትቀላቅሉ።"

"ከዚያስ?"

"ለእርስዎ የሚሆነው ይኸው ነው፣ አባ።"

አባ ወንበር ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሟት፤ ግድግዳው ጋ ቆመው እንደሚያደርጉት። ሁለቴ ደገሟትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አጭር ናት እኮ" አሉ። "ባውቅ ኖሮ ብርጭቆዎቹን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜም እሰማት ነበር።"

አስተባባሪዋ ከማክሰኞ ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ዕንባ ያኔ ለቀቀችው። በሩ ተከፍቶ ሲጠሯት ገና እያለቀሰች ነበር።