ሚዛን የማይደፋ ጨረር

ታላቅ ወንድሜ ራጅ አንሺ ነበር። ሰፈርተኛው «አጥንት ፎቶ አንሺው» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶት ነበር። ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰዎች ስለ ደግነቱ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን እሱን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ እማዬ ከደረጃ ላይ የወደቀች ቀን ነው። ሲመጣብኝም ብቻዬን እስቃለሁ።

እማዬ ወድቃ መቆም አቃታት፤ ወንድሜ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ዳሌዋን ዳበስ አድርጎ፣ «ራጅ ትነሳ። አጥንቱን ሳናይ ብትረግጥበት ከናካቴው መራመድ ልታቆም ትችላለች» አለን። ወንድሜ በሥራ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀን። እማዬ ግን ቃሬዛው ላይ እንደተጋደመች የበሩን መቃን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«አልገባም!»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የማነሳሽ።»

«አንተን ማን ፈራ? ጎረቤታችን ነግራኛለች። ጨረሩ አንዴ ከገባ ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል አሉ።»

ወንድሜ አልተቆጣም። ፊዚክስ ከተነሳለትማ ምሳውንም ይረሳል። እኔ ትምህርቱን አልገፋሁበትም፤ የማውቀው ከእሱ አፍ የሰማሁትን ነው። ቃሬዛው አጠገብ ቁጢጥ አለና፣

«መቀመጥ የሚችለው ግዝፈት ያለው ነገር ነው» አላት። «ግዝፈት ማለት ነገሩ ሲገፉት ‹አልነቃነቅም› የሚልበት ነው፤ አንቺ አሁን መቃኑን ይዘሽ እንደምትዪው። ጨረሩ ግን እንደ ብርሃን ነው፣ ግዝፈት የሚባል የለውም። ስለዚህ መቆም አያውቅም። ወይ ይሮጣል፣ ወይ የለም። አንዳንዱ አልፎሽ ይሄዳል፤ አጥንት የያዘው ደግሞ ጉልበቱን እዚያው ሰጥቶ ያልቃል። መብራት ስታጠፊ ብርሃኑ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል እንዴ?»

«ምንም አይመዝንም?»

«ምንም።»

«ሚዛን የማይደፋ ነገር አላምንም» አለች። «ሰውም ቢሆን።»

ይህን ጊዜ የሥራ ባልደረባው ከእርሳስ ብረት የተሠራውን ሽርጥ ይዛ መጣች። እሱ እማዬን ደግፎ አጠገቧ ሊቆም፣ ማሽኑን እሷ ልታስነሳ ተስማምተው ነበር። ሽርጡን ሲቀበላት ትከሻው ዘንበል አለ። ከእማዬ ዓይን ምን ያመልጣል!

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጨረሩን የሚከለክል ልብስ።»

«እስቲ ልያዘው።» ጫፉን ሰጣት፤ እጇ ቁልቁል ወረደ። «ወይ ጉድ! ምንም ለማይመዝን ነገር ይኼን ሁሉ ድንጋይ ትሸከማለህ? እናትህን ነው የምታሞኘው?»

ባልደረባው ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። እኔ በልቤ «በቃ፣ አለቀልን» አልኩ።

«ግዝፈት የለውም አልኩ እንጂ ጉልበት የለውም አልኩ?» አላት ወንድሜ። «ትንሽ ጉዳት አለው፣ አልዋሽሽም። አንቺ ዛሬ ተነስተሽ ትሄጃለሽ፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነኝ። ደግሞ ክብደት ሌላ፣ ጉልበት ሌላ። አንቺ ራስሽ ብትመዘኚ ከአንድ ጆንያ ዱቄት አትበልጪም። ቤታችንን ቀጥ ለጥ አድርጎ የሚገዛው ማን ነው?»

እማዬ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። «ወይኔ ዳሌዬን! ገደልከኝ አንተ ባለጌ!» እያለች ሳቀች። እጇም መቃኑን ለቀቀ።

«ቶሎ በል እንግዲህ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

እኔ ከባልደረባው ጋር ከመስታወቱ ጀርባ ቆምኩ። «እማማ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ!» አለቻት። እማዬ ያዘች። ድንገት «ጆንያ!» ብላ ፈነዳች። ወንድሜ ከአልጋው እንዳትወድቅ እጁን ሰዶ ያዛት፤ ማሽኑም በዚያው ቅጽበት ጠቅ አለ።

ያ ፎቶ ተበላሸ፤ ደግመው ያነሱት ጥርት ብሎ ወጣ። አጥንቱ ትንሽ ተሰንጥቆ ነበር እንጂ ቦታውን አልለቀቀም። ሐኪሙ ተኝታ እንድታርፍ አዘዛት። ውላ አድራ በምርኩዝ፣ ኋላም ያለ ምርኩዝ ሄደች፤ ዛሬም ደረጃውን የምትወጣው ከእኔ ቀድማ ነው።

የዚያን ቀን ወንድሜ የተበላሸውን ፊልም ሊጥለው ሲል፣ «አምጣው፣ እሱ ላይ እየሳቅሁ ነው» ብላ ተቀበለችው። እስካሁን ሳሎናችን መስኮት ላይ ተለጥፏል። የእማዬ ዳሌ ደብዝዞ፣ ጠርዙ ላይ የወንድሜ ጣቶች አጥንታቸው ነጥቶ ይታያል። እሱ በሕይወት ሳለ፣ «እጄን ጨረር ውስጥ መክተቴን ለሌሎቹ የሥራ ባልደረቦቼ እንዳታሳዩብኝ» ይለን ነበር። እማዬ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች።

«ይኼ የልጄ እጅ ነው» ትላለች። «ይኼ ደግሞ የእኔ ሳቅ።»

እንግዳው ግራ ገብቶት «ሳቁ የቱ ጋ ነው?» ካላት፣

«ደብዘዝ ያለው ነዋ!» ትለዋለች።