የወይዘሮ ወለተ ሰንበት ልብ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ፣ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ የሚኖሩት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ልባቸው ሥርዓት አጣ። አንዴ ይጋልባል፣ አንዴ ቀጥ ይላል፣ ተመልሶ ደግሞ ይርገበገባል። ጠበል ተጠምቀው ቀለል ካላቸው በኋላ እግራቸው አብጦ እንደገና ተኙ።

ደብረ ማርቆስ የልብ በሽተኛ ብቻ የሚያይ ጣሊያን ሐኪም እንዳለ ከገበያ ተሰማ። የብርጓል የምትባለው ልጃቸው ጎረቤት ለምና በቃሬዛ ይዛቸው ሄደች። አርበኛው ወንድሟ ደምለው ከጫካ ሆኖ "እናቴን ለጠላት ካስረከብሽ ዓይንሽን እንዳላይ" ብሎ ልኮባት ነበር። አልሰማችውም።

ሐኪሙ የወይዘሮዋን እጅ ጨበጥ አድርጎ ትርታውን ሲያዳምጥ ፊቱ በራ። ክንዳቸውን ከአንድ መሣሪያ ጋር አሰረው፤ መሣሪያው ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ ትርታውን ይጭር ጀመር።

"ምን አለ?" አለች የብርጓል።

"ሲፈልገው የኖረው ዓይነት ልብ ነው አለ" አላት አስተርጓሚው ፍሥሐ። የቅኔ ተማሪ የነበረ የአገሩ ሰው ነው።

"እኔ እንዲድን ነው ያመጣሁት።"

ከቅጠል የተቀመመ ጠብታ ይሰጧቸው ጀመር። እውነትም መድኃኒት ነበር። እብጠቱ ጎደለ፤ ወይዘሮዋ ተነሥተው ደጅ ፀሐይ ሞቁ፤ ምግብም አማራቸው። የብርጓል መመለሻዋን ስታስብ ግን ጠብታው ቀረ።

"አለቀ እንዴ አያ ፍሥሐ?"

"አላለቀም። መድኃኒቱ ሲቀር ልቡ ምን እንደሚሆን ማየት ይፈልጋል። ኋላ ይመልስላቸዋል።"

"መቼ?"

"ነገ ይላል።"

ነገ ሌላ ነገ ወለደ። የወይዘሮዋ ትንፋሽ አጠረ፤ ጋደም ማለት አቅቷቸው ቁጭ እንዳሉ ማንጎላጀት ሆነ። መሣሪያው ግን በየቀኑ ይጭራል። የብርጓል ሐኪሙን መንገድ ላይ ብትጠብቀው ያልፋታል፤ ዘበኛውን ብትለምን ይስቃል።

"እናቴ መሞከሪያ አይደለችም፣ በለው!" አለችው ፍሥሐን።

ፍሥሐ ተናገረ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

"ምን ብለኸው ነው የሚስቀው?"

ፍሥሐ መሬት መሬት አየ። "ታመሰግናለች አልኩት። ያልሽውን ብነግረው ሁለታችንም ወህኒ እንወርዳለን።"

የብርጓል ያን ሁሉ ቀን ስትጮህ የኖረችው ለግድግዳ እንደነበር ገባት። ሄዳ ማሰሪያውን ከእናቷ ክንድ ፈታችና ሐኪሙ እጅ ላይ አኖረችው። ቀጥሎም ጠርሙሱን በጣቷ አሳየችው። ሐኪሙ ጮኸ፤ ዘበኛ ገባ። ያን ጊዜ ፍሥሐ ያለችውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

ሐኪሙ ዘበኛውን መለሰው። "ጥናቱን አበላሸችብኝ" አለ፤ ጠብታው እንዲሰጣቸውም አዘዘ።

ወይዘሮዋ እንደገና ቀና አሉ። የብርጓል ጥቂት ለቤት እንዲሰጧት ብትለምን ግን መድኃኒቱ ከዚህ ግቢ አይወጣም አሏት፤ የፈለገ እዚሁ ተኝቶ ይጠጣል፣ መሣሪያውም ይቀጥላል።

"ልጄ፣ ውሰጂኝ" አሉ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት። "እዚህ ልቤ የእኔ አይደለም።"

"ቤት ይብስብሻል እኮ እማዬ!"

"አውቃለሁ።"

ከደብረ ኤልያስ በፊት ባለው ዳገት ላይ ደምለው ጠመንጃውን በጀርባው አዝሎ ጠበቃቸው። እህቱን አላናገራትም። ቃሬዛውን ከአንዱ ጎረቤት ትከሻ ተቀብሎ ወደ ቤት አቀና።

ወይዘሮዋ ክረምቱን አልዘለቁም። ለቅሶ የመጣ አንድ ዘመድ "ድሮም የጠላት መድኃኒት ምን ይረባል" ሲል የብርጓል ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

"ይረባል እንጂ! አሽሏት ነበር። የሚያንገበግበኝም እሱው ነው" አለችው።