የብራናዎቹ ፎቶ የት ገባ?

የብራናዎቹ ፎቶ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ ፋና ቴዎፍሎስን ጠረጠረችው።

እሷ ደብረ ብርሃን፣ ጥንታዊ መጻሕፍትን በፎቶ በሚያስቀር ትንሽ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ቴዎፍሎስ ደግሞ አንኮበር አካባቢ ባለች አንዲት ደብር ብራናዎቹን ገጽ በገጽ ያነሳል። የቄስ ልጅ ነው፤ ካህናቱ መጽሐፋቸውን ለካሜራ የገለጡትም እሱን አምነው ነው። ፎቶዎቹ በደብሩ ዕቃ ቤት ካለው ኮምፒውተር አንኮበር ከተማ ወዳለው ሰርቨር ይገለበጣሉ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብሩ ቀጥታ መስመር ስለሌለ፣ ፋና መጀመሪያ የአንኮበሩ ሰርቨር ውስጥ ትገባለች፤ በእሱ በኩል ወደ ደብሩ ኮምፒውተር ትሻገራለች። የደብሩ ኮምፒውተር እየሞላ ስላስቸገረ፣ በቅርቡ አርብ አርብ አንድ ትእዛዝ መላክ ጀምራ ነበር፦ የተገለበጡት ፎቶዎች ወዳሉበት ፎልደር ግባ፤ ከዚያ ያለውን ሁሉ አጥፋ።

አሁን ባዶ ሆኖ የተገኘው ግን የአንኮበሩ ሰርቨር ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት እሷና ቴዎፍሎስ ብቻ ናቸው።

ስትደውልለት፣ “እኔ አልነካሁም” ብሎ ስልኩን ዘጋው። ይሄ አላማራትም። ባለፈው ወርም፣ ፎቶው መጀመሪያ የጠፋ ሰሞን፣ “ፎቶዎቹን በፍላሽ ባወጣቸው ችግር አለው?” ብሎ ጠይቋት ነበር። ለማን ሊሰጥ? ብራና የሚያሳድዱ ሌቦች እንዳሉ ማን ያጣዋል? ጥርጣሬዋን ለአለቃዋ ለአቶ ዘርአ ዳዊት ነገረች። እሳቸውም ሳይውሉ ሳያድሩ ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ ለመሪጌታ ገብረአብ ደወሉ። ቴዎፍሎስ ዕቃ ቤት እንዳይገባ ተከለከለ።

በማግስቱ ፋና ራሷ ወደ ደብሩ ሄደች። መሪጌታ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

“ሌባው የእኛው ልጅ ነው ነው የምትሉት?”

“ለማጣራት ነው የመጣሁት፣ መሪጌታ።”

ቴዎፍሎስ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፏል። ሰላም አላላትም።

“ፍላሹን ለምን ፈለግከው?” አለችው።

“ከዚህ የወጣ ነገር እናንተ ጋ ሲደርስ ስለሚጠፋ! የአባቶቼን መጽሐፍ ለማን አደራ ልስጥ?”

ፋና የዕቃ ቤቱን ኮምፒውተር ከፈተች። አርብ አጥፍቼዋለሁ ብላ ያሰበችው ፎልደር ጢም ብሎ ሞልቷል። የጠፉት ፎቶዎች፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ፣ አንድም ሳይጎድል አሉ።

“ይሄ እኮ ባዶ መሆን ነበረበት” አለች።

ላፕቶፗን አውጥታ በስልኳ ኢንተርኔት እንደ አርቡ አድርጋ፣ በአንኮበር በኩል ወደ ደብሩ ኮምፒውተር፣ ጉዳት የሌለው ትእዛዝ ላከች፤ ስምህን ንገረኝ፣ ከዚያ ደግመህ ስምህን ንገረኝ የሚል። የመጀመሪያው መልስ ከደብሩ መጣ። ሁለተኛው ከአንኮበሩ ሰርቨር።

አሁን ገባት። ሁለቱን ትእዛዝ አንድ ላይ ያሰረችበት የጥቅስ ምልክት ገና ከእጇ ሲወጣ፣ እዚያው የራሷ ኮምፒውተር ላይ ተፈትቷል። “ግባ” የሚለው ብቻ ደብሩ ደረሰ፤ “አጥፋ” የሚለው መንገድ ላይ፣ አንኮበር ቀርቶ የአንኮበሩን ጠራረገ።

“ምን አገኘሽ?” አሉ መሪጌታ።

“ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አለች። “የእሱ እጅ የለበትም።”

ቴዎፍሎስ ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ።

“ይሄንን አሁን፣ እኔ እየሰማሁ፣ ለአለቃሽ ንገሪው” አላት። “ከዚያ ቤታችን ሄደሽ ለአባቴ ትነግሪያለሽ። ሰው ስለ እኔ የሚያወራውን ሰምቶ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።”

ሁለቱንም አደረገች። ለአባቱ መንገሩ ይከብድ ነበር፤ ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጧት፣ ስትጨርስም “እግዜር ይስጥሽ” ብቻ አሏት። ምን ለማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ቴዎፍሎስ ወደ ሥራው ተመልሷል። ፋናም አንዱ ቢፈታ ሌላው እንዲይዘው፣ ትእዛዟን በሁለት ጥቅስ አስራ ትልካለች። አርብ ሲደርስ ግን ቀድሞ የሚደውለው እሱ ነው፤ ልትልክ ያሰበችውን ፊደል በፊደል እስክታነብለት ድረስ ስልኩን አይዘጋም።