ፉሪ የሌለበት ፎርም

ቢንያም የሠራውን የኢንተርኔት ሱቅ መክፈያ ፎርም ግቢውን ሁሉ አስሞክሮ አከራዩን አደ ጠጅቱን ዘለላቸው። «የኔ ፎርም ላይ ያልተማረ ሰው እንኳ ይገዛበታል» እያለ ሲፎክር የከረመው ተከራያቸው፣ ለሙከራ የጠራው ሁለት መምህራንና አንዲት ነርስ ነው። ያልተማሩት አከራዩ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ ሳትጠራ ሰርግ!

«ስማ» አሉት በሩን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ «ከፊደል ጋር ባንተዋወቅም ከገበያ ጋር አልተጣላንም። በል፣ ሸራ ልግዛበት።»

ሸራው የምር ያስፈልጋቸዋል። በጥር ማንም ያልጠራው ደመና ፉሪ ኮረብታ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያልተወቃው የጤፍ ክምራቸው ራቁቱን ነው። ገበያ እንዳይወጡ የሰበታ መንገድ በተቃውሞው ሲዘጋ ሲከፈት ሰነበተ። የከተማ ማስፋፊያው ማስተር ፕላን መንደራቸውን ፉሪን ለአዲስ አበባ ሊያስረክብ ነው ተብሎ ስንት ልጅ ወድቋል፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ሬዲዮው «ፕላኑ ቀርቷል» አለ።

ቢንያም ስልኩን አቀበላቸው። ሸራው ተመረጠ፤ እሱ ሞላላቸው።

«አሁን አረንጓዴው ላይ በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉ፣ አለቀ።»

አውራ ጣት ሲባል አደ ጠጅቱ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ወንድማቸው ደቻሳ ሳይነበብለት አሻራውን ያሳረፈበት የእርሻው ወረቀት ዛሬ መጋዘን ሆኖ ቆሟል።

«መጀመሪያ አንብብልኝ። ከላይ እስከ ታች።»

«ስም፣ ጠጅቱ። ከተማ፣ አዲስ አበባ። ክፍለ ከተማ...»

«ማን ነው አዲስ አበባ ነኝ ያለህ?»

«ሌላ ምርጫ የለውማ። ቀይ ኮከብ ያለበት ሳጥን የግድ ነው፤ ካልተሞላ አያስከፍልም። ዕቃው እንደሆነ ዛሬውኑ እዚሁ ነው የሚመጣው።»

«መምህራኑስ?»

«ሞልተው አለፉ።»

«ተማሩ እኮ!» ሳቁ፣ በጥርሳቸው ብቻ። «መንግሥት ያን ሁሉ ወታደር አሰልፎ ያቃተውን አንተ በአንዲት ኮከብ ጨረስከው? በሬዲዮ የቀረው በስልክህ ጸደቀ?»

«አደ ጠጅቱ፣ የአድራሻ ሳጥን እኮ ነው! ነገ ለአለቃዬ ሠርቷል ማለት አለብኝ። ደመናውንም ይዩት።»

አዩት። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስልኩ ላይ አረፈች። ያ ጤፍ የዓመት ቀለባቸው ነው። አውራ ጣታቸው ግን ነጠላው ውስጥ እንደተጨበጠ ቀረ።

«እሺ፣ ከአዲስ አበባ ሥር "ሌላ" የሚል ምርጫ ልጨምርልዎ።»

«ላኪ! አይሆንም! ማን ነው ሌላ? አያቴ የተቀበሩበት ነው ሌላ? ጤፌን ፀሐይ ያደርቅልኛል፤ መጋዘኑን ግን መልሶ የሚያርስልኝ የለም። ቁጭ በልና ፉሪን ከነስሟ ጻፍ፣ ከዚያ ጣትዎን ያምጡ በለኝ። ቶሎ በል እንጂ፣ ዝናቡ አለቃህን አይጠብቅም!»