የደብረ ወርቅ ብልቃጦች

ልጄ የኔአለም ከዩኒቨርሲቲ ወደ ደብረ ወርቅ የመጣችው የሕፃናት ካካ ልትሰበስብ ነው። አንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሕፃናትን ከሚያሳክካቸው ችፌ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ታጠናለች። ጎረቤቶቻችን ግን በር ዘጉባት፤ የሕፃን ካካ ባዕድ እጅ ከገባ ድግምት ይሠራበታል ብለው ይፈራሉ።

እኔም አበድሁ። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርሁሽ?» አልኋት።

«እማዬ፣ ይህን ልጅ እዪው» አለችኝ። የእህቷ ልጅ ጉንጩ በችፌ ቆስሎ እያከከ ያለቅሳል። «ከየት እንደሚመጣበት ሳናውቅ ቅቤ ስንቀባው ልንኖር ነው?»

የሽንት ጨርቁን በእጄ ፈትቼ ብልቃጧን ሞላሁላት።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እነዚያው ጎረቤቶች ሲንሾካሾኩብኝ ሰማሁና ነጠላዬን አጣፍቼ መካከላቸው ቆምሁ። «አዎ፣ ሰጥቻለሁ! የእኔ የልጅ ልጅ ገና ሳይድህ ካካው ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። የእናንተ ልጆች ካካ እዚያው ጓሮ ይቅር!»

በማግስቱ እናቶቹ ሕፃኖቻቸውን አዝለው ደጃችን ላይ ተሰለፉ። ተራ የማስከብረው እኔ ነበርሁ።